የሮብን ኪልት የለበስኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 12፣ 1998

እሺ ብያለሁ፣ እለብሰዋለሁ፤ አለቀ። አልማዝ ግን ከአሁኑ ፊቷን አጥቁራለች። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ቀሚስ ለብሰህ ቀብር ልትወጣ ነው?» ትለኛለች። ቀሚስ አይደለም፣ ኪልት ነው፣ የስኮትላንድ ወንዶች የክት ልብስ ነው ብላት «እሺ፣ ከምኑ ላይ ነው ቀሚስ ያልሆነው?» አለች። ሚስቴ ናት፣ ትቻት ሳሎን ገባሁ።

ሮብ ቅዳሜ ዕለት ሞተ። ሊልበርን ከተማ ይህን ቤት ከገዛን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ሰባቱንም ዓመት ከሮብ ጋር የለየን አጥር ብቻ ነው። በልጅነቱ ከስኮትላንድ የመጣ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። መኪናዬ ተገጭታ ጋራዥ የገባች ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ዳውንታውን፣ እኔ የምሠራበት ፓርኪንግ በር ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው። ላመሰግነው ስጀምር ሬድዮውን ከፍ ያደርግብኝ ነበር። ልቡን እንደሚያመው እንኳን አልነገረኝም። እንደ ወንድሜ ነው ያለቀስኩት።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሚስቱ ጄን በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ በሁለት እጇ አቅፋለች። ሮብ በወረቀት ጽፎ ያስቀመጠው ቃል አለ፤ የአስከሬኑን ሳጥን ስድስት ሰው እንዲሸከመው፣ ስድስቱም ኪልት እንዲለብሱ፣ ስድስተኛው ደግሞ «ታድ ከጎረቤት» እንዲሆን። ታድ እኔ ታደሰ ነኝ። አምስቱ የየራሳቸው ኪልት አላቸው፤ ለእኔ የሮብን ሰጠችኝ። ከሮብ በፊት አባቱ ጦርነት ላይ ሳይቀር ለብሶታል። ልጅ ስላልወለዱ ከቀብሩ በኋላ እሷ ጋ ይቀመጣል። «ተጠንቀቅለት» አለችኝ።

አለባበሱን ላሳይህ ብላ ነበር። እኔ ግን፣ አይ የኔ ነገር፣ «አትቸገሪ፣ ሽርጥ ታጥቄ ያደግኩ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ» አልኳት። ሽርጥ ምን እንደሆነ አታውቅም። ግን አመነችኝና ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት አስከሬኑ ያረፈበት ፊዩነራል ሆም ውስጥ የመሸከም ልምምድ አለ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ጉድ ሆኛለሁ።

ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፈው። አልማዝ ሥራ ላይ ነበረች። የጋራዡን በር ዘግቼ ኪልቱን ከላስቲኩ አወጣሁት። ሱፍ ነው፣ ይከብዳል። አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀጭን ቢጫ መስመር ተሻግሮበታል። ግማሹ ሽንሽን፣ ግማሹ ልሙጥ። ሽንሽኑ ስለሚያምር የሚያምረው ከፊት ይሁን ብዬ ሽንሽኑን ወደ ፊት አደረግኩት። ሽርጥ የሚታጠቀው ከሆድ በታች ነው፤ ይሄንንም እንደዚያው አወረድኩት። ባቴ ድረስ መጣ። ጥሩ ነው፣ ጨዋ ሰው ጉልበቱን ለቀብርተኛ አያሳይም አልኩ ለራሴ። ከነጭ ካልሲዬ ጋር መስተዋት ፊት ስቆም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሴን ወደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ሽንሽኑ ወደ ፊት ሲመጣ መክፈቻው ከኋላዬ ሆነ። ሁለት ልሙጥ ጨርቅ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነው እንጂ የተሰፋ ነገር የለውም። ነፋስ ቢነሳስ? ሳጥን ተሸክሜ በምን እጄ ልይዘው? ከልብሱ ጋር የሰይፍ ቅርጽ ያለው ትልቅ መርፌ ቁልፍ ነበር። ለዚህ ነው ያስቀመጡት ብዬ ሁለቱን ጨርቅ አሳልፌ ወጋሁት። አልበቃኝም። የአልማዝን መርፌ ቁልፎች አመጣሁና ሦስት ጨመርኩበት። አሁን አውሎ ነፋስም አይከፍተው አልኩ።

ከዚያ ልምምድ ልሥራ ብዬ የመፍቻዎቼን ሳጥን በአንድ እጄ ለማንሳት ቁጢጥ አልኩ።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዞሬ ሳየው የላይኛው ጨርቅ ከትልቁ መርፌ ጀምሮ እስከ ጠርዙ ስንዝር ሙሉ ተተርትሯል። የአባቱ ልብስ፣ ጦርነት ያለፈ፣ ባሕር የተሻገረ፣ እኔ እጅ በገባ በማግሥቱ። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ቀዳዳውን በጣቶቼ እገጥመዋለሁ፣ ስለቀው ይከፈታል። እንደገና እገጥመዋለሁ።

አልማዝ ከመምጣቷ በፊት በላስቲኩ ጠቅልዬ ከመኪናዬ ኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ትራንክ ውስጥ ብርድ ልብስ ሥር ደበቅኩት። እራት ላይ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ሮብ ትዝ ብሎኝ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

የባሰ ሥራ ሠራሁ።

ከሥራ ስመለስ ጄን ሜይል ቦክሷ ጋ ቆማ የሐዘን ካርዶችን ታወጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል። መኪናዬን ሳላቆም በእጅ ሰላም ብዬ ላልፍ ነበር፤ አላስቻለኝም፣ ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

«ሆነህ?» አለችኝ።

«ልክክ ብሏል» አልኳት። ልክክ ብሏል! እንደዚህ አልኳት፣ ሐዘንተኛ ሴት ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ይባስ ብሎ ፈገግ አለች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። «ሮብ ደስ ይለው ነበር» ብላ ክንዴን ነካ አድርጋኝ ገባች። ልብሱ ከእግሯ አምስት እርምጃ ላይ፣ ትራንኬ ውስጥ ተቀዶ ተኝቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለሜሮን ደወልኩ። ልጃችን ስማይርና ነው የምትኖረው፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች። ለእናቷ እንዳትናገር አስምዬ ነገርኳት። ከሥራ በኋላ በዚያ ሁሉ ትራፊክ መጣችልኝ። ከኢንተርኔት ላይ ፕሪንት ያደረገችው ወረቀት ይዛለች፤ ሰዎች ኪልት ሲለብሱ የሚሠሯቸው ስህተቶች ይላል ርዕሱ። ጋራዥ ውስጥ ቆማ አንድ በአንድ እየተረጎመች አነበበችልኝ። እኔ ደግሞ እንደ ተከሳሽ ቆሜ አዳምጣለሁ።

— ሽንሽኑን ወደ ፊት ማዞር። (አድርጌያለሁ። ከኋላ ነው ለካ።)

— እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ ማውረድ። (አድርጌያለሁ። እምብርት ላይ ነው ቦታው።)

— ከጉልበት በታች ማስረዘም። (አድርጌያለሁ፣ ያውም በኩራት።)

— ነጭ የስፖርት ካልሲ። (አድርጌያለሁ።)

— ከፊት የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቦርሳ ወደ ጎን ማዞር። (እሱን ገና አላወጣሁትም ነበር። ባወጣው ኖሮ አደርገው ነበር።)

— መርፌውን ሁለቱንም ጨርቅ አሳልፎ መውጋት።

ይሄኛውን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። መርፌው ለክብደትና ለጌጥ ነው፣ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሁለቱን ከያዘ ሰው ሲራመድ ወይም ሲያጎነብስ ጨርቁን ይቀደዋል ይላል። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሳየው ቆሽቴ አረረ። ትናንት ብታነቢልኝ ምን ነበረበት አልኳት፤ ትናንት አልነገርከኝማ አለች። እውነቷን ነው።

«አባዬ፣ ላይክ፣ ከስድስቱ አምስቱን ነው የሠራኸው» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ተወችው። «ንገራት በቃ። ጀስት ንገራት።»

አሰፍቼው ከተስተካከለ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

ጠዋት ኦፍ ወስጄ ሎረንስቪል ሄድኩ፣ አንድ ልብስ ማስተካከያ ቤት። ሴትየዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ አየችው። በማሽን ከሰፋሁት ይጨማደዳል፣ መስመሩም አይገጥምም አለች። ክር ለክር በእጅ የሚሸምን ሰው አለ፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቅዳሜ ነው የምለብሰው ስላት ልብሱን አጣጥፋ ሰጠችኝ። «የራስህ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት።

ቤት ስደርስ አልማዝ አስቤዛ ልትገዛ መኪናዬን ፈለገች። ቁልፉን ሰጠኋት። እንዴት እንደ ረሳሁት አላውቅም፤ ምናልባት ረስቼውም አይደለም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከትራንኩ ኪልቱን አውጥታ፣ ታቅፋ ተመልሳ ገባች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«እሳቸው ያውቃሉ?» አለችኝ። ጄንን እሳቸው ነው የምትለው፣ በእንግሊዝኛ እንኳን ስታወራት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ነው።

አያውቁም። ልክክ ብሏል ብያቸዋለሁ።

«ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ዋሸህ?» አለች። ይችን ብቻ። ወጥ ቤት ገባች።

እስከ ማታ ሳሰላስል አንድ ነገር መጣልኝ። ሽማግሌ ልላክ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዤ፣ እነሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ አጥፍቷል ይቅር በይው ብለው ይለምኑልኝ። እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው። ለሜሮን በስልክ ነገርኳት። «አባዬ፣ የማታውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ካባ ደርበው በሯ ላይ ሲቆሙ ጄን ምን ብላ ታስባለች? ሃይማኖት ሊሰብኩኝ መጡ ብላ ነው በሩን የምትዘጋው።»

እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ነገ፣ ከልምምዱ በፊት። ሮብን አላስቀየምኩትም ብዬ መጽናናት አልችልም፤ የቀረችውን ሰው ነው ያስቀየምኩት። ቅዳሜ ሳጥኑን ተሸከም ብትለኝ እንኳን የተቀደደውን ደብቄ አልነካውም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 16

ነገርኳት።

ጠዋት ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ደወሉን ስነካው ፈጥና ከፈተች፤ በመስኮት ስታየኝ ነበር መሰለኝ። ኪልቱን ዘረጋሁላት። መርፌውን፣ አልማዝን ሳላስፈቅድ የጨመርኳቸውን ሦስቱን፣ ቁጢጥ ማለቴን፣ ትራንኩን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ እንደዚያ ሲሰባበር ከመጣሁ ጀምሮ ትዝ አይለኝም።

ቀዳዳውን በእጇ ዳሰሰችው። ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው።

«መቼ ነው የተቀደደው?»

«ማክሰኞ።»

«ረቡዕ ሜይል ቦክሱ ጋ ስንገናኝ ተቀዶ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ያን ቀን ቤት ገብቼ ለሮብ ፎቶግራፍ ነገርኩት። ታድ ልክክ ብሎታል አልኩት።» ድምፅዋ አልጨመረም። ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። «ጨርቅ ይቀደዳል፣ ታድ። እኔን ግን እንደ ሕፃን አታለልከኝ። በዚህ ሳምንት ሁሉም ሰው ደህና ነው፣ ደህና ነው እያለ ነው የሚዋሸኝ። አንተ የማትዋሸኝ መስለኸኝ ነበር።»

ይቅርታ አልኳት። ኪልቱን ተቀበለችኝና «አሁን ሂድ» አለችኝ። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

አልማዝ «ነገርካቸው?» አለች። ነገርኳቸው። «ምን አሉ?» ሂድ አሉ። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ሱፌን ልትተኩስልኝ ገባች። ከትናንት ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ልምምዱ ላይ በጥቁር ሱፍ ሄድኩ። ምናልባትም የማልሸከመውን ሳጥን ልለማመድ። የሮብ ታናሽ ወንድም ኢያን ነው የሚመራው፣ አጭር፣ ቁጡ፣ ጢሙ ቀይ የነበረ ሽማግሌ። ሱፌን ከላይ እስከ ታች አየው። ጄን ደውላለት ኖሮ ሁሉንም ያውቃል። «የነገውን የምትወስነው እሷ ናት» አለኝ። እሺ አልኩ። በግራ በኩል፣ የኋለኛው ጫፍ ላይ አቆመኝ። ባዶ ሳጥን ትከሻችን ላይ አድርገን ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ተመላለስን። እግሬ ከሌሎቹ ጋር ሁለት ጊዜ ተዛነፈ። ኢያን በሁለቱም ጊዜ ቆሞ እንደገና አስጀመረን፤ እኔን ግን አላየኝም።

ከመጣሁ ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ነኝ። አልደወለችም። በመስኮት አያለሁ፣ የወጥ ቤቷ መብራት በርቷል። ሄጄ ላንኳኳ እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ሂድ ብላኛለች፣ ደግሞ መሄድ የለብኝም። ባልሸከመውስ? ያ ሰው በጽሑፍ ጠራኝ፣ እኔ በገዛ አፌ በሩን ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 17

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ደወል ተነካ። ሱፌን ለብሼ ክራቫቴን እያሰርኩ ነበር። አልማዝ ከፍታ «ይግቡ፣ ይግቡ» ስትል ሰማሁ።

ጄን ናት፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ኪልቱ ክንዷ ላይ ነው። ሌሊቱን ሰፍታዋለች። በጥቁር ወፍራም ክር፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ከሩቅ የሚታይ ስፌት ነው። «ልብስ ሰፊ አይደለሁም» አለች። «ሱሪህን አውልቅ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ።»

መኝታ ቤት ገብቼ በአጭር ቁምጣ ወጣሁ፤ አልማዝ፣ እንዳትስቅ ይሁን እንዳታለቅስ አላውቅም፣ ግድግዳውን ታያለች። ጄን እንደ ሕፃን አዞረችኝ። ሽንሽኑን ወደ ኋላ፣ ወገቡን እምብርቴ ላይ፣ የግራውን ማሰሪያ ወገቡ ላይ ባለው ማሳለፊያ አሳልፋ፣ የቀኙን ሁለት ዘለበቶች ጠበቅ አድርጋ፣ ጠርዙ ጉልበቴ መሐል ላይ መዋሉን ጎንበስ ብላ አየች። አረንጓዴ ወፍራም ካልሲ ከቦርሳዋ አወጣች፣ የሮብ ነው። እጇ ሳታይ ይሠራል፣ አርባ ዓመት ለሌላ ሰው ስታደርገው ኖራለች። የመጨረሻውን ዘለበት ስትዘጋ እጇ እዚያው ቆየ። መርፌውን አላደረገችልኝም። ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ተሸከምኩት። ከባዱን ነገር አልጽፈውም፤ እግሬ አልተዛነፈም፣ ያን ብቻ ልጻፍ። መቃብሩ ጋ ነፋስ ነበር፣ ጉልበቴ ቀዘቀዘ፣ ከኋላዬ ከሥራ ቦታዬ የመጡ ሁለት አበሾች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ግድ አልሰጠኝም። ሳጥኑን ስናወርድ ኢያን እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

ከቀብር መልስ ጄን ቤት ምግብ ተበላ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰው አንድ በአንድ ኮቱን እያነሳ ወጣ፤ ኢያንም ደክሞኛል ብሎ ሆቴሉ ሄደ። ቤቱ ባዶ ሆነ። እኔና አልማዝ ተያየን። ባሏን ዛሬ የቀበረች ሴት ብቻዋን ስትቀር እንዴት ተነስተን እንሄዳለን? አልተነሳንም።

ጄን ሳህን እየሰበሰበች «የምትፈልጉት ነገር አለ?» አለችን። ምንም አልናት። ቆማ አየችን። ሳህኑን አስቀምጣ እሷም ተቀመጠች። እስኪመሽ ድረስ ማንም አላወራም። አልማዝ አንዴ ተነስታ ሻይ አፈላች፣ አንዴ መጋረጃውን ዘጋች። እኔ ከፊት ለፊቷ ሶፋው ላይ ሸርተት ብዬ፣ ሳስበው የነበረውም ሮብን ነው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደ ተቀመጥኩ አላውቅም።

«ታድ» አለች ጄን በቀስታ። «ኪልት ሲለበስ ጉልበት ይገጠማል።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። እግሮቼ፣ እንደ ሱሪ ለባሽ፣ ግራና ቀኝ ተከፍተዋል። በሁለት እጄ ጉልበቴን ገጠምኩ። አልማዝ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጄን መሳቅ ጀመረች፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። አልማዝ አጠገቧ ሄዳ አቀፈቻት።

ስንወጣ ኪልቱን አሁን ልቀይርና ልመልስልሽ አልኳት። «ነገ ታመጣዋለህ» አለች። «ስትመጣ ደግሞ ሁለታችሁም ቁጭ በሉ፣ እንደዛሬው።»

ነገ ከቅዳሴ መልስ እንሄዳለን።